ምዕራፍ አራት፦ ከአራዳ ገበያ እስከ ፒያሳ

የአዲስ አበባ አመሠራረት ሲወራ የእንጦጦ ብርድ፣ የፍል ውሃ ሙቀትና የእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ቀድመው ይነሣሉ። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተማ ከምትባል የተበታተኑ ሰፈሮች ስብስብ ብትባል ይቀላል። አፄ ምኒልክ ግቢያቸውን ከጉብታ ላይ ተከሉ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በተመሩት ቦታ ከነሠራዊታቸውና ከነሎሌዎቻቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እያልን ዛሬም የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በየመካከላቸው ሜዳ፣ ገደልና ወንዝ ነበር። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ አንዱ ሰፈር ከሌላው ተቆርጦ ይውል ነበር።

እነዚህን ሰፈሮች ያገናኘው ምን ነበር? ግቢው አዛዥና ታዛዥን ያገናኛል፤ ቤተ ክርስቲያንም ምእመናኗን ትሰበስባለች። የመኳንንቱ ሎሌ፣ የጉለሌው ገበሬ፣ የወለጋው ቡና ነጋዴ፣ የሐረሩ ቆዳ ነጋዴ፣ የአርመኑ አንጥረኛና የህንዱ ጨርቅ ሻጭ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ከግቢው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ። በኋላ ፒያሳ የተባለው ሰፈር ከዚህ ገበያ ተወለደ።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፦ አራዳን የሠራት የሰዎች መቀላቀል ነው፤ የጎዳትም በየዘመኑ የተፈጸመባት መለያየት ነው። አንድ የንግድ ሰፈር እንዴት እንደሚያድግና እንዴት እንደሚያረጅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል።

የቅዳሜ ገበያ

አራዳ በየቀኑ ይገበያይ ነበር፤ ዋናው ገበያ ግን ቅዳሜ ነበር። ገበያው በተራ የተከፈለ ነበር። እህል ለብቻው፣ ማርና ቅቤ ለብቻቸው፣ ጨው ለብቻው፣ በቅሎና ፈረስ ለብቻቸው። ይህ አደረጃጀት ጥበብ ነበረው። የሚዛንና የተለጠፈ ዋጋ ልማድ በሌለበት ዘመን ገዢ የሚተማመነው በማነጻጸር ነው። አሥር ማር ሻጮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል፤ ገዢም ቀምሶ፣ ጠይቆ፣ ተከራክሮ የዕለቱን ዋጋ ያውቃል። ከብዙ ዓመታት በኋላ የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ተደርድረው የቆሙትም በዚያው ምክንያት ነው። ተመሳሳይ ሻጮች አንድ ቦታ ሲከማቹ የሚሻሙ ይመስላሉ፤ በእርግጥ ግን ገዢውን ከሩቅ የሚጠራው ክምችታቸው ነው።

መገበያያውም ብዙ ዓይነት ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት የማርትሬዛ ብር ዋናው ነበር፤ አፄ ምኒልክም 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሠርተው አስመጥተዋል። ለትናንሽ ግዢ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር፤ ጥይትም ሳይቀር እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ማዶ ለመውጣት በዚህ ያልፋሉ፤ አቡጀዲድና ሌላም ሸቀጥ ወደ መሐል አገር ለመሠራጨት በዚህ ይገባል።

የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ሥራው ቀረጥ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም፤ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኛል፣ የውጭ አገር ሰዎች ያሉበትን የንግድ ጉዳይም ያያል። ስለዚህም የአራዳ ነጋድራስነት ከአገሪቱ ከፍተኛ ሹመቶች አንዱ ሆነ። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከዓለም ጋር የሚደረገው ግንኙነት በገበያው በር ይገባ ስለነበር የገበያው ሹም ዓለሙን ማወቅ ግድ ሆነበት። አዋጅ የሚነገረውም፣ ሕዝብ እንዲያየው የተፈለገ ቅጣት የሚፈጸመውም እዚያው ነበር። ወሬ ከአራዳ ወጥቶ ቅዳሜ ማታ በየሰፈሩ ይዳረሳል።

ከጉልት ወደ ሱቅ

ከአድዋ ድል በኋላ ብዙ የውጭ አገር ሰው ወደ አዲስ አበባ መጣ። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ህንዶች፣ የመኖች በገበያው ዙሪያ መሬት እየያዙ ሱቅ ከፈቱ። ከህንዶቹ የቦምቤው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ስሙ የገነነ ነበር። አርመኖቹ በወርቅ ሥራ፣ በስፌት፣ በግንባታና በንግድ ተሰማሩ። ግሪኮቹ በዳቦ፣ በመጠጥና በሸቀጥ ንግድ ታወቁ።

ከጉልት ወደ ሱቅ የተደረገው ሽግግር ትልቅ ለውጥ ነው። ጉልት የምትቸረችር ሴት ማታ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ሱቅ የከፈተ ሰው ግን ግድግዳ፣ በርና ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ ነገ እንደማይወሰድበት ማረጋገጫ ይሻል። ወደ 1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአዲስ አበባ መሬት ደንብ በከተማዋ ቦታ በግል መያዝን፣ መሸጥና መለወጥን ሲፈቅድ ይህን ማረጋገጫ ሰጠ። ሰውም በድንጋይና በእንጨት መገንባት ጀመረ። የአራዳ ቤት የታወቀ መልኩን ያገኘው በዚያ ወቅት ነው፦ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ከፊት የእንጨት ሰገነት፣ ከበላይ የቆርቆሮ ክዳን። የህንድና የአርመን ግንበኞች ያመጡት ዘዴ ከአገሬው ጭቃና ጠርብ ጋር ተጋብቶ ሌላ ቦታ የማይገኝ ቤት ወጣው። ባለ ሱቁ ከሱቁ በላይ ስለሚኖር ሰፈሩ ማታም ሰው አያጣም፤ ሌባም ቢመጣ የሚጮህበት አለ።

በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ነገሮች በአራዳ ተከፈቱ። አንደኛው የአቢሲኒያ ባንክ ነው። ባንኩ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረ፣ ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ የተባለና ለ50 ዓመት ብቻውን እንዲሠራ የተፈቀደለት ነበር። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባንኩን ገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተካው። ሁለተኛው እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል ነው። በዚያ ዘመን እንግዳን አብልቶ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር። እንደሚነገረው ሆቴሉ በመጀመሪያ ተመጋቢ አጥቶ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ነው ልማዱን ያስጀመሩት። የታሪኩ ዝርዝር ቢለያይም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ምግብን በገንዘብ መሸጥ በኢትዮጵያ ክብር ያገኘው በአራዳ ነው።

የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው በስተ ደቡብ፣ ለገሀር ላይ ተተከለ። ንግዱም ቀስ በቀስ ወደዚያ መሳብ ጀመረ። አራዳ ግን አልተፈታም፤ ዕቃው ለገሀር ይራገፍ እንጂ የሚሸጠው አራዳ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የተቀቡት በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የምኒልክ ሐውልት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተከበረው የንግሥ በዓል በዋዜማው ሲመረቅ የገበያው ሜዳ የመንግሥት አደባባይም ሆነ። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ እየቀረበ ሲመጣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ቤቱ እዚሁ ሰፈር ነው። መንግሥትም አርበኝነትም ሕዝብ ሲፈልጉ የሚመጡት ሕዝብ ወዳለበት ገበያ ነበር።

ገበያና ሱቅ ሲለያዩ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማዋ ሲወጡ ዝርፊያና ቃጠሎ ተነሣ። የአራዳ ሱቆች ዋነኞቹ ሰለባዎች ሆኑ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣልያን ጦር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው አደባባይ ከገበያው ብዙ አይርቅም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን በዘለቀው ጭፍጨፋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ተቃጠለ። የምኒልክ ሐውልት ተነቅሎ ተቀበረ። የመሐመድ አሊ ኩባንያም በዚያው ዓመት ከአገር ተባረረ።

ከዚህ ሁሉ መከራ ጎን ለጎን፣ ድምፅ ሳያሰማ የተፈጸመ ሌላ ነገር ነበር። ፋሺስቶቹ አዲስ አበባን በዘር ለይተው ለመሥራት አቀዱ። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ያለውን ከተማ ከቁብ ሳይቆጥር አዲስ ንድፍ ስሎ አቅርቦ ነበር፤ ሥራው የተሰጠው ግን ለጣልያናውያኑ አርክቴክቶች ለጊዲና ለቫሌ ነው። በእቅዳቸው የነጮች ከተማ በአንድ ወገን፣ የአገሬው ሰው ከተማ በምዕራብ በኩል ይሆናል፤ በመካከል ወንዝና ባዶ መሬት ይለያቸዋል። በ1930 ዓ.ም. ገደማ የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። የዛሬው መርካቶ መነሻው ይህ ነው። በአራዳ የቀሩት ሱቆች፣ ቡና ቤቶችና ሲኒማ ለነጮች ተመደቡ፤ የፒያሳም ስም ያኔ ተተከለ።

የዚህ ውሳኔ ጉዳት ከቤት ማፍረስ የጠለቀ ነው። ለ50 ዓመት ገደማ አንድ አካል ሆነው የኖሩት ጅምላና ችርቻሮ፣ ጉልትና ሱቅ፣ ገበሬና ነጋዴ ተነጣጠሉ። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የዘር ሕጉ ቀረ፤ ሐውልቱም ከተቀበረበት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገበያው ግን አልተመለሰም። መርካቶ በራሱ ጉልበት አድጎ ከአፍሪካ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ሆነ። የከተማዋ ሁለት የንግድ ልቦች ፒያሳና መርካቶ እስከ ዛሬ ተለያይተው የሚመቱት ወራሪ በሣለው መስመር ነው።

የማታው ፒያሳ

ፒያሳ ገበያዋን ብታጣም ሌላ ሥራ አገኘች። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሠላሳ ለሚጠጉ ዓመታት የአዲስ አበባ የዘመናዊ ኑሮ ትምህርት ቤት ሆነች። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ፣ ሰዓት የሚያሳድስ፣ ለሠርጉ ቀለበት የሚያሠራ፣ መጽሐፍ የሚፈልግ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሁሉ ወደዚያው ይወጣል። ካስቴሊ ምግብ ቤት፣ ኤንሪኮ ኬክ ቤት፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ቶሞካ ቡና፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፤ እነዚህ ስሞች ለአንድ ትውልድ የከተሜነት ፊደል ነበሩ። ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ የሚመጣው ተማሪ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሰዓታት ይከራከራል። በኋላ ደግሞ የማሕሙድ አሕመድ ሙዚቃ ቤት የከተማው የቀጠሮ ቦታ ሆኖ «ማሕሙድ ጋ እንገናኝ» የተባባለው ወጣት ቁጥር ስፍር የለውም።

ነገር ግን ፒያሳ ማለት ዋናው መንገድ ብቻ ነው የሚል ሰው ግማሹን አላየም። ከባለ መስታወቱ ሱቅ ጀርባ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ሰባ ደረጃ ነበሩ። በወርቅ ቤቱ የሚሠራው አንጥረኛ፣ በኬክ ቤቱ የሚጋግረው፣ በልብስ ስፌቱ የሚተኩሰው ሰው የሚኖረው በእግር ደቂቃዎች በሚያስኬድ ርቀት ላይ ነበር። ምሳውን ቤቱ ይበላል፤ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ ያውቀዋል፤ እቁቡም እድሩም እዚያው ነበር። የፊቱ ፒያሳ የቆመው በጓሮው ፒያሳ ትከሻ ላይ ነበር። ይህን ማስተዋል ለቀጣዩ ታሪክ ቁልፍ ነው።

ባለቤት የሌለው ጣሪያ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም ነበር። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ከ300 ብር በታች የሚከፍሉ ተከራዮች ኪራያቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰላቸው። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ይህ እፎይታ ነበር፤ መታወቅም አለበት። ያለዚያ አዋጅ ብዙዎቹ የፒያሳ ነዋሪዎች ከከተማው መሐል ከብዙ ዓመታት በፊት ተገፍተው በወጡ ነበር።

አዋጁ ሳይመልሰው የቀረ አንድ ጥያቄ ግን ነበር፦ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነዋል? የተሰበሰበው ኪራይ ለጥገና አይበቃም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይደፍርም፤ ቢደፍርም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአራዳ ቤት ደግሞ በባሕርዩ ክትትል የሚሻ ቤት ነው። አሸንዳው አንድ ቦታ ሲቀደድ የክረምቱ ውሃ በግድግዳው ይወርዳል፤ ልስኑ ይረግፋል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ቀጥሎ የሰገነቱ አግዳሚ ይበሰብሳል። በጊዜው ቢጠገን ጥቂት ብር የሚፈጅ ቀዳዳ በአሥር ዓመት ቤት ያፈርሳል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፣ የሚጮህ ባለቤት የሌለው ሰፈር ዝም ብሎ አረጀ።

የሚያስገርመው ያው አዋጅ ሰፈሩን ማቆየቱም ነው። የመሬት ገበያ ስለቆመ አሮጌውን አፍርሶ ፎቅ የሚሠራ አልነበረም። ኪራዩ ርካሽ በመሆኑ አሮጌው ልብስ ሰፊ፣ አሮጌው ሰዓት አዳሽ፣ አሮጌው መጽሐፍ ሻጭ ከቦታቸው አልተነሡም። ቦሌ በመስታወት ፎቆች ሲሞላ ፒያሳ የአያቶቹን ሱቅ ይዞ ቀረ። አዋጁ ቤቱን ከአፍራሽ አዳነው፤ ከዝናብ ግን አላዳነውም። ባለቤትነትን ከጥገና ኃላፊነት መለየት የፒያሳ ሁለተኛው ትልቅ መለያየት ነበር።

ሦስተኛው መለያየት

በ2000ዎቹ የከተማዋ እጅ እንደገና ወደ አሮጌው መሐል ተዘረጋ። ለቀላል ባቡሩ ግንባታ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ባቡሩም በዚያው 2008 ዓ.ም. በመስከረም ሥራ ጀመረ። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ከፊል አካል በእሳት ሲጎዳ ብዙ ሰው እንደ ቤተሰቡ ቤት አዘነለት። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ተመረቀ። ወዲያው የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን ሰፈር መልክ በወራት ውስጥ ለወጠው። ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን የመሳሰሉ የጓሮ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ከዋናው መንገድ ዳርም ብዙ አሮጌ ቤቶች ተነሡ።

ለልማቱ የሚቀርበው ምክንያት ባዶ አይደለም። ብዙዎቹ ቤቶች መጸዳጃ በወል የሚጠቀሙ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማይገባባቸው፣ ለመፍረስ የተቃረቡ ነበሩ። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ለከተማ ሰው ይገባል። በዚያ ሰፈር የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ልጆች ላሳደገች እናት «ቅርስ ነውና ይቆይ» ማለት ቀላል መልስ አይሆንም።

ሆኖም ታሪኩ ራሱ የሚያስተምረን አለ። ፒያሳ በሕይወት የኖረችው ሱቁና መኖሪያው፣ ፊቱና ጓሮው፣ ባለጠጋውና ድሃው ተያይዘው ስለኖሩ ነው። አንጥረኛው ሁለት ሰዓት በታክሲ ተጉዞ የሚመጣ ከሆነ የሥራ ዋጋው ይጨምራል፤ ወይም ሥራውን ይተወዋል። እድር ሲበተን አብሮት የሚበተነው የቀብር መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ያለ መያዣ ዱቤ የሚያሰጠው መተማመንም አብሮ ይሄዳል። ትንንሽ ቦታዎች ተጠቅልለው አንድ ትልቅ ቦታ ሲሆኑ ደግሞ ሊይዘው የሚችለው ባለ ብዙ ገንዘብ ብቻ ነው፤ በአንድ መስኮት ስፋት ንግድ የሚጀምር ወጣት መግቢያ ያጣል። በ1930 የተለየው ገበያና ሱቅ ነበር፤ በ1967 ባለቤትነትና ጥገና። አሁን እየተለየ ያለው ሠራተኛው ከሥራው፣ ነዋሪው ከሰፈሩ ነው።

ስለዚህ ከቀረው ፒያሳ ምን ይጠበቅ ለሚል መልሱ ከግንቡ ፊት በላይ መሄድ አለበት። የጣይቱ ሆቴል ከ100 ዓመት በላይ የዘለቀው በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ስላላቋረጠ ነው። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ጣሪያው ይጠገናል፤ ከእሳቱም በኋላ ሆቴልነቱን ቀጥሏል። ይህ ለሌሎቹም ይሠራል። አሮጌ ቤት ሲታደስ በውስጡ የነበረው ነጋዴ በሚችለው ኪራይ የመመለስ መብት ይኑረው። ተከራይ ለጥገና ያወጣው ገንዘብ ከኪራዩ ይታሰብለት። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ምድር ቤቱ ለትንንሽ ሱቆች ይከፈል፤ ከበላዩም ሰው ይኑርበት። እነዚህ ሐሳቦች ከሩቅ አገር የመጡ አይደሉም፤ የአራዳ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ሱቁን ከታች፣ መኝታውን ከላይ አድርጎ የሠራው ይህንኑ ነው። ከተማዋ የጀመረችው ሁሉም ሰው በሚገናኝበት ሜዳ ነው። መሐሏን ዳግም ስትሠራ የመጀመሪያው መለኪያዋ መሆን ያለበት ይኸው ነው፦ ማን ከማን ጋር ይገናኝበታል?